እኔና አማቴ፣ መንገዱ እስኪከፈት

ኅዳር 12፣ ፍኖተ ሰላም

አሠልጣኟ «በየቀኑ የተሰማችሁን ጻፉ፤ መጀመሪያ ራሳችሁን አስተዋውቁ» ብላናለች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ለደብተር ራስን ማስተዋወቅም ያሳፍራል። ቢሆንም ሥልጠናውን ወስጃለሁ፣ አበሉንም ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ይሄይስ እባላለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሰንብቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ድርጅት ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ሰው ጠርቶ «የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ» የሚባል ሥልጠና ሲሰጥ ከእኛ ዘንድ እኔ ተመረጥኩ። ርእሰ መምህሩ «አንተ ረጋ ያልክ ሰው ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቤት ውስጥ ያለነው ባለቤቴ ያምሮት፣ ከተወለደች ሳምንት የሆናት ልጃችን፣ እኔ፣ እና አማቴ እማማ ታንጉት ነን። አማቴ አራሷን ልጃቸውን ሊያርሱ ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር መጡ። ጥቂት ሰንብተው ሊመለሱ ነበር። ትናንት መንገዱ ተዘጋ።

ከእኛ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ባምላኩ ከትናንት ወዲያ በአይሱዙ ድንች ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ወጥቷል። አልደወለም። ኔትወርክ ስለሌለ ነው።

ኅዳር 14

አማቴና እኔ በጣም የምንከባበር ሰዎች ነን። እሳቸው እኔን «አንቱ» ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን «እርስዎ»። በአንድ ማዕድ በልተን አናውቅም። እኔ ስገባ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ፤ እኔም ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ወደ ጓዳ አልገባም። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይህን ያህል መከባበር ያደክማል። ዛሬ ጠዋት የግቢው ሽንት ቤት በር ላይ ተገናኘን። «ይቅደሙ» «ኧረ አንቱ ይቅደሙ» ስንባባል ጡረተኛው ጎረቤታችን አቶ ካሴ መጥተው በመካከላችን አልፈው ገቡ። ጋዜጣ ይዘው ነበር።

ኅዳር 17

ጠዋት ተኩስ። ቅርብ ነው። ሁላችንም ደህና። አልፈራሁም። በኋላ እጽፋለሁ።

ኅዳር 17፣ ማታ

ተኩሱ የጀመረው ቁርስ ላይ ነው። እኔ እንደ ተማርኩት ተረጋግቼ «አትደናገጡ!» አልኩ። ያምሮት እንደምትለው ሕፃኗ የነቃችው ከተኩሱ ይልቅ በእኔ «አትደናገጡ» ነው። እኔ ይህን አላስታውስም።

ያምሮት ልጇን ታቅፋ አልጋ ሥር ገባች። የተረፈው ቦታ ለአንድ ሰው ተኩል ቢሆን ነው። አማቴና እኔ አልጋው አጠገብ ቆመን ቀረን።

«እርስዎ ይግቡ፣ እናቴ» አልኩ።

«ኧረ በማርያም! አንቱ ይቅደሙ። የቤቱ ጌታ አይደሉም?»

«እርስዎ ቆመውማ አይሆንም!»

«እኔ አሮጊት ምን እሆናለሁ? ይግቡ እንጂ!»

ውጭ ይንጣጣል። «በሞቴ» አሉኝ። «እኔ ልሙት» አልኳቸው። በዚህ ጊዜ ያምሮት ከአልጋ ሥር ሆና «አሁን ስለ ሞት ባታወሩ ምናለበት! ሁለታችሁም ግቡ!» ብላ ጮኸች።

እሳቸው በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ገባንና መሃል ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። የአማቴን ፊት ይህን ያህል ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ለአክብሮት ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ጋብ ሲል ደግሞ ማን ቀድሞ ይውጣ ተባባልን።

ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ከአልጋው ብረት ጋር ስለተጋጨሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ባምላኩ ዛሬም አልደወለም። ኔትወርክ ነው።

ኅዳር 25

አማቴ ያሳስቡኛል። በየማለዳው ጓዛቸውን ቋጥረው «ዛሬስ ይከፈታል» ይላሉ። መናኸሪያ ድረስ እሸኛቸዋለሁ፤ መናኸሪያው ውስጥ ከተኙ ውሾች በቀር ማንም የለም፤ እንመለሳለን። ጤፋቸው ሳይታጨድ ነው የመጡት። ቻላቸው የሚባለው ልጃቸው ብቻውን ነው እዚያ ያለው። ስለዚህ እጃቸው አያርፍም። ግቢውን ሁሉ አረሙት፤ የአቶ ካሴን ጎመን ጭምር ነቀሉት። ትናንት አጥሩን ፈትተው እንደገና አጠሩት። ምስር ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን ደግሞ መልሰው ይለቅማሉ።

ከሥልጠናው በሰጡን ወረቀት ላይ «በሥራ ብዛት ራስን መደበቅ አንዱ የጭንቀት ምልክት ነው» ይላል። ቀርቤ «ጭንቀት ይሰማዎታል እንዴ፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!» አሉ ምስሩን እያንጓለሉ።

መካድም አንዱ ምልክት ነው። ሳላሳዝናቸው በልቤ ያዝኩት።

እኔ በበኩሌ ስልኬን ይዤ ባሕር ዛፉ ያለበት ጉብታ ላይ በቀን ደጋግሜ እወጣለሁ። ሰውነት ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው። እግረ መንገዴን ኔትወርክ አያለሁ። የለም። ባምላኩ ያልደወለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታኅሣሥ 3

በቀበሌው አዳራሽ ለሠፈራችን ሰው ሥልጠና ሰጠሁ። ርእሱ «ጭንቀትን የመቋቋም ዘዴዎች» ነው። አጀማመሩ ጥሩ ነበር። «በአፍንጫ እንስባለን፤ በአፍ እናወጣለን» ስል ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ አዳራሹ እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር። ኮራሁ።

«ዋናው ነገር» አልኩ፣ «ድንገተኛ ድምፅ ስንሰማ አለመደናገጥ ነው። መጀመሪያ እናዳምጣለን። ቀጥለን እናስባለን። ከዚያ በኋላ…»

ድው! አለ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከጠረጴዛ ሥር ሆኜ የአቶ ካሴን ጫማ ሳይ ነው። ጫማው አልተነቃነቀም። የማንም ጫማ አልተነቃነቀም።

አቶ ካሴ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «መምህር፣ የባጃጅ ጎማ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩ ወዲያው። «ይህ ተግባራዊ ልምምድ ነው። በሉ ሁላችሁም እንደ እኔ!»

ያገሬ ሰው ታዛዥ ነው። ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ ሁሉም አግዳሚ ሥር ገባ። ሻይ ይዛ የመጣችው ሴትዮ በሩን ከፍታ አዳራሹ ባዶ መስሏት ሻዩን ይዛ ተመለሰች። አቶ ካሴ ግን ወገባቸው ላይ ተይዘው መውጣት አቃታቸው፤ አግዳሚውን ለአራት አንሥተን ነው ያወጣናቸው።

በጠቅላላው ሥልጠናው የተሳካ ነበር።

ታኅሣሥ 4

ትናንት እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ያምሮት ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንዱ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ አቁሞ «መምህር፣ ይቅርታ፣ አሁን ጎማዬ ጠንካራ ነው» አለኝ።

ታኅሣሥ 10

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። በሩ አጠገብ መሬት ላይ ነው የምተኛው፤ ቀዝቀዝ ስለሚል ይመቸኛል። ጫማዬን አልፈታም፤ እግሬን ስለሚበርደኝ።

ያምሮት «ይሄይስ፣ ተኝተህ የምትጠራው ማንን ነው?» አለችኝ። ማንንም አልጠራም። ለምን ትጠይቀኛለች? አራስ ናት፤ አራስ ሴት ብዙ ነገር ይሰማታል። ጮህኩባት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ የይቅርታ አጠያየቄ ላይ እንደገና ተጣላን።

ባምላኩ ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩት «በሩን ዝጋው፣ ዶሮ ይገባል» ነው። ይህ ለምን እንደሚመላለስብኝ አላውቅም። ዶሮ እኮ ይገባል።

ታኅሣሥ 15

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ከተማው አጣምሞ ስለሚያወራው።

ዱቄት አልቆ ነበር። አማቴ ጤፉን ተሸክመው ሊወጡ ሲሉ «እኔ እያለሁ!» ብዬ ቀማኋቸው። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ግን «ዛሬ ይመጣል» ስለተባለ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ማዳበሪያውን ይዞ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተራ ይዟል። ወንድ እኔና ባለ ወፍጮው ቂርቆስ ብቻ ነን።

በቡሬ በኩል የመጣ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ውሃ ለማጠጣት ቆመ። ወሬ አለ ወይ ሲባል «ከቡሬ ወዲያ አንድ አይሱዙ ተቃጥሎ ቆሟል አሉ» አለ። «ድንች ነው የጫነው። አገሩ በሙሉ የተጠበሰ ድንች ሸተተ ይላሉ።»

«ሾፌሩስ?» አለች አንዷ።

«እኔ እንጃ።»

ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብዬ ልጠይቅ ነበር። አልጠየቅኩም። ድንች የሚጭን አይሱዙ ብዙ ነው። ማዳበሪያዬ በደንብ መታሠሩን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ፈታሁት። አሠርኩት። እንደገና ፈታሁት። ጤፉ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር አየሁና ከጣሪያው ነው ብዬ ቀና አልኩ። ደጅ ነበርኩ፤ ጣሪያ የለም።

«መምህር፣ ምን ሆንክ?» አለኝ ቂርቆስ።

«በርበሬ ነው» አልኩ። «የወፍጮው በርበሬ ዓይኔ ገባ።»

ቂርቆስ ዞር ብሎ ወፍጮውን አየ፤ መልሶ እኔን አየ። «ወፍጮው እኮ አልተነሣም፣ መምህር። መብራት የለም።»

ካሳነሽ የምትባለው ጠላ ሻጭ ከኩንታሏ ላይ ሆና ተቆጣችው። «ዝም በል አንተ! ገባበት፣ ገባበት ነው! በእኔም ዓይን ገብቷል!» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ መንሰቅሰቅ ጀመረች። አጠገቧ ያለችውም ገባባት። ከኋላ ያሉትም። ትንሽ ቆይቶ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በርበሬ ያልገባበት ሰው አልነበረም። ቂርቆስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሞተሩን የሚፈታ መሰለ፤ በእጁ ግን መፍቻ አልነበረም።

«ማነው ያንተ?» አለችኝ ካሳነሽ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ወንድሜ። ባምላኩ» አልኩ። ከወጣ ወዲህ ስሙን ሰው ፊት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ስለ ድንቹ፣ ስለ በሩ፣ ስለ ዶሮው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እነሱም የየራሳቸውን ነገሩኝ። አንዲቱ የቡና ሲኒ በወደቀ ቁጥር ሽንቷ እንደሚያመልጣት ተናገረችና መጀመሪያ እሷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችን። የምናለቅስበትና የምንስቅበት ተደባለቀ። ጋሪ ነጂው ደንግጦ ፈረሱን ሳያጠጣ ሄደ።

መብራት አልመጣም። ጤፌን እንዳለ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ያው ቀን፣ ማታ

ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ወሬ እንዴት እንዲህ እንደሚፈጥን አይገባኝም። ስገባ አማቴ ሰምተዋል። ሽሮ አቅርበው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው።

«ብላ» አሉኝ።

የቆረስኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። ያምሮትን ካገባሁ ጀምሮ «ይብሉ» እንጂ «ብላ» ብለውኝ አያውቁም።

«ብላ እንጂ! ወንድምህ ይመጣል። ባይመጣም አብረን እናለቅሰዋለን። አሁን ግን ብላ።»

በላሁ። እሳቸውም ከዚያው ሳህን ቆርሰው በሉ። እግራቸውን ሲዘረጉ ኮንጎ ጫማቸው ከቀሚሳቸው ሥር ብቅ አለ።

«ቤት ውስጥም አይፈቱትም እንዴ፣ እናቴ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ ሌሊትም አልፈታሁት። ሩጡ የተባለ እንደሆነ ብዬ ነዋ። አንተስ?»

«እኔን ይበርደኛል።»

ጫማዬን አዩት።

«እኔም ሩጡ የተባለ እንደሆነ ብዬ ነው» አልኩ።

«ልባችን እንደ ዶሮ ነው የሚዘለው፣ ልጄ» አሉ። «ምስሩን የምለቅመው ዓይኔ አላይ እያለኝ ነው እኮ። ያልለቀምኩ እንደሆነ ቻላቸው ይመጣብኛል።» እግራቸውን እያዩ «ዛሬ እንፍታው ይሆን?» አሉ።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ቅደም!»

ያምሮት ልጇን አስተኝታ መጣችና የሁለታችንንም ጫማ ጎትታ አወለቀች። ሽታውን ስትሰማ ደግሞ ሁለቱንም ጥንድ ወደ ደጅ ወረወረችው። «አሁን ተኳሾቹ ቢመጡም በዚህ በኩል አያልፉም» አለች።

ታኅሣሥ 16

አልጋ ላይ ተኛሁ። አቶ ካሴ በር ሲያንኳኩ ነው የነቃሁት፤ ረፋድ ሆኗል። ጎመኑን ማን እንደነቀለው ሊጠይቁ ነው የመጡት። አማቴ «እኔ ነኝ፤ ጨንቆኝ ነው» አሏቸው በግልጽ። አቶ ካሴ ትንሽ አሰቡና «የጨነቀዎት እንደሆነ የጓሮዬ ድንች አልታረመም» አሉ።

ታኅሣሥ 21

ጋሪ ነጂው ተመልሶ መጣ። ካሳነሽ አስምላ አጣርቶ እንዲመጣ ልካው ኖሯል። የተቃጠለው አይሱዙ በሩ ላይ የተረፈው ቀለም ቀይ ነው አለ። የባምላኩ ሰማያዊ ነው።

ደስ አለኝ። ለሁሉም አወራሁ። ማታ ልተኛ ስል የቀዩ ሾፌርም ወንድም ይኖረው ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንደገና በርበሬ ገባብኝ። ያምሮት አብራኝ ተቀመጠች።

ታኅሣሥ 24

ሥልጠናውን ወደ ወፍጮ ቤት አዛወርኩት። እነሱ ያወራሉ፤ እኔ ተራ እይዝላቸዋለሁ። ወረቀቱን ካሳነሽ ጠላዋን ከደነችበት።

ጥር 2

ቻላቸው ትናንት በእግሩ በመጣ ሰው መልእክት ልኳል፤ ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገብቷል። አማቴ ሰሙና «እሰይ» አሉ፤ ከዚያ ዐረፍ ልበል ብለው ተኙና እስከ ማግስቱ አልተነሡም። አቶ ካሴ ግቢው ውስጥ ምንም ሲነቀል ስላላዩ ታመሙ እንዴ ብለው ሊጠይቁ መጡ።

ጥር 13

ባምላኩ መጣ!

መጥቷል። ጓዳ ውስጥ እየበላ ነው። በኋላ።

ጥር 13፣ ማታ

ደጃፍ ላይ ቆሜ ውሃ ስቀዳ አንድ ወፍራም ሰው ማር በቅል አንጠልጥሎ ገባና «ደህና ዋላችሁ?» አለ፤ ከሱቅ እንደተመለሰ ሰው። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሳውቀው በጥፊ መታሁት። እኔ፣ የጥንቱ ረጋ ያለ ሰው! ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አማቴ ከጓዳ ሮጠው ወጥተው «ድገመው!» አሉኝ፤ እኔ እንቢ ስላልኩ እሳቸው ራሳቸው ደገሙት፤ ከዚያ ሳሙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንግላ አድሮ እንደ ወጣ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ግራ ታጥፎ ሊበን አጠገብ ካለ ገጠር ደረሰ። ገብረሰንበት የሚባሉ ገበሬ አይሱዙው ላይ ጭድ ከምረው ሸሸጉለት፣ እሱን ቤታቸው አኖሩት። ድንቹ እንዳይበሰብስ መንደሩ ሁሉ ተካፍሎ በላው። ውለታውን በጉልበት ሲመልስላቸው፣ ሲወቃ ሲያበጥር ከረመ።

«እኛ እዚህ ስናልቅ አንተ ትወፍራለህ?» አልኩት።

«ምን ላድርግ? ሲጨንቀኝ እበላለሁ» አለኝ። አፉ ሙሉ ነበር። «የገብረሰንበት ባለቤት ደግሞ ሲጨንቃቸው ይጋግራሉ።» ከዚያ መብላቱን አቆመና ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ይሄይስ፣ የቀዩን አይሱዙ ሾፌር አውቀው ነበር» አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጥር 26

ልጃችን ትናንት ተጠመቀች። ጸሎቱ መሃል ላይ ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። እኔ ለያምሮት «ፈራሁ» አልኳት በጆሮዋ። «እኔም» አለችኝ። ቄሱ ቀና ብለው አዩን፤ ንባባቸው ግን ከዚያ ወዲያ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደ። በፍኖተ ሰላም ይህን ያህል ቶሎ የተጠመቀ ሕፃን ያለ አይመስለኝም። ንጋት ብለናታል፤ የክርስትና ስሟን አማቴ ብቻ ናቸው በትክክል የሰሙት።

የካቲት 2

መንገዱ ተከፈተ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ አማቴ ዛሬውኑ ተነሡ።

መናኸሪያው ሞልቷል። ረዳቱ «ቡሬ! ቡሬ! የሞላ!» እያለ ይጮሃል። አማቴ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ወረዱና «ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት» አሉኝ። ገቡ። ወረዱና «ያምሮት ዝም ካለች ዝም አትበል፤ ጠይቃት» አሉኝ። ገቡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርዱ ረዳቱ «እማማ፣ ይሄዳሉ ወይስ ይቀራሉ?» አለ። «እኔም እሱን ነው የማላውቀው» አሉት።

መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብለው «ይሄይስ! ፈሪ ነህ ያሉህ እንደሆነ፣ አዎ፣ አማቴም ፈሪ ናት በላቸው!» ብለው ጮኹ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እጄን እንዳነሣሁ አቧራው እስኪጠፋ ቆምኩ።

ቤት ስገባ ያምሮት ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ዓይንህ ቀላ?»

«አለቀስኩ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለእናትሽ።»

«እናቴ እኮ ቡሬ ነው የሄደችው። ሳይመሽ ቤቷ ትገባለች።»

«አውቃለሁ» አልኩ፤ እንደገናም ጀመረኝ።

ያምሮት ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ አልጋው ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ንጋት ነቃችና ቤቱን በለቅሶ አናወጠችው። እናቷ ልትነሣ ስትል «ተያት፣ የሷ ተራ ነው» ብዬ እኔ አነሣኋት።